በመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ታይዋንን ብቻን በባቡር መዞር፦ ከምሥራቁ ጀምሩ

ታይዋን ውስጥ የሚማር ኢትዮጵያዊ በመጀመሪያው ዓመት የሚያውቃት ታይዋን ከሦስት ቦታ አታልፍም፦ ቤተ ሙከራው፣ መኝታ ክፍሉ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ሱቅ። እኔም አንድ ዓመት ተኩል እንዲሁ ኖሬያለሁ። ከዚያ በአንድ የመንፈቅ ዕረፍት ስምንት ቀን ወስጄ ደሴቲቱን ብቻዬን በባቡር ዞርኳት። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ጉዞ፣ ከራሴ ስሕተቶችና ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼን ሳሰናዳ ካየሁት የተጠራቀመ ነው።

መጀመሪያ የደሴቲቱን አቀማመጥ ተረዱ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይከተላል። ታይዋን ከሰሜን ወደ ደቡብ 394 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ሰፊው ወርዷ 144 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መካከሏን ተራራ ይዞታል፤ ከፍተኛው ጫፍ ዩሻን 3,952 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ባቡሩ ዳር ዳሩን ይዞ ይዞራል። ምዕራቡ ሜዳ ነው፤ ሕዝቡም ከተሞቹም እዚያ ናቸው፤ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው ፈጣኑ ባቡርም በዚሁ በኩል ብቻ ነው። ምሥራቁ ግን በተራራና በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል የተጣበቀ ጠባብ መሬት ስለሆነ ባቡሩ ጥቂት፣ ተሳፋሪው ብዙ ነው።

ምሥራቁን አስቀድሙ፣ ምዕራቡን ለመጨረሻ ተዉት የምለው ለዚህ ነው። አስቸጋሪው ክፍል ትኬቱን አስቀድማችሁ በቆረጣችሁበት ጊዜ ላይ ይውላል፤ በጉዞው መጨረሻ ገንዘብ ቢያጥር፣ ጉንፋን ቢይዛችሁ ወይም መምህራችሁ በድንገት ቢጠራችሁ፣ ከደቡቡ ከተማ ከካኦሲዩንግ ፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ታይፔይ ይመልሳችኋል። በተቃራኒው የዞረ አንድ ጓደኛዬ በበዓል ማግሥት ምሥራቅ ላይ ትኬት አጥቶ ከሁዋሊየን እስከ ታይፔይ ቆሞ መጥቷል። ሌላም ትርፍ አለ፦ በዚህ አቅጣጫ ስትዞሩ ባሕሩ ሁልጊዜ በግራችሁ ነው። ትኬት ስትቆርጡ የመስኮት ወንበር ምረጡ፤ የግራው ካልደረሳችሁ በፉርጎዎቹ መጋጠሚያ ያለው የበር መስኮት አለላችሁ።

ደረጃ 1፦ ቀኑን መምረጥ

የእነርሱ የክረምት ዕረፍት ከእኛ ክረምት ጋር ስሙ እንጂ ሌላው አይገናኝም። ከጥር አጋማሽ (በፈረንጅ) ጀምሮ እስከ የካቲት አጋማሽ ወይም ከዚያ ትንሽ አልፎ ይቆያል፤ ብርዱ ቀላል ነው፤ ሰሜኑ ግን በካፊያ ይረጥባል። ታይፔይና ዪላን ሲያካፉ ደቡቡ ፀሐይ ነው። በረጅሙ የበጋ ዕረፍት መዞርም ይቻላል፤ ነገር ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም የታይፉን ወቅት ነው፤ አንድ አውሎ ነፋስ ባቡሩን ለሁለት ቀን ያቆመዋል፤ ሙቀቱም ከሻንጣ ጋር አይቻልም።

በክረምቱ ዕረፍት ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ፤ እርሱም በጨረቃ አቆጣጠር የሚውለው የዘመን መለወጫቸው ነው። ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይዘዋወራል። ሰው ሁሉ ወደ ትውልድ ቀዬው ይሄዳል፤ የእኛን የገና ሰሞን የአውቶቡስ መናኸሪያ አስቡና በባቡር ተኩት። በዋዜማውና በመጀመሪያው ቀን ትንንሽ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ። ስለዚህ ወይ ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት ጨርሱት፣ ወይ በዓሉ ካለፈ በኋላ ተነሡ። በበዓሉ መካከል ለመጓዝ የግድ ከሆነ ዋዜማውንና የበዓሉን የመጨረሻ ቀን በባቡር ላይ አታሳልፉ፤ አንድ ከተማ ውስጥ ተቀመጡ።

ደረጃ 2፦ ትኬት

የመደበኛው ባቡር ትኬት ከጉዞው 28 ቀን በፊት ለሽያጭ ይከፈታል፤ የበዓሉ ግን ለብቻው በሚገለጽ ቀን ነው። በስልክ መተግበሪያው ወይም በድረ ገጹ ስትይዙ የፓስፖርት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ቁጥራችሁን ትሞላላችሁ፤ ከዚያ በማንኛውም ሰፈር ሱቅ ባለ ማሽን ከፍላችሁ ወረቀቱን ማውጣት ይቻላል።

አስቀድማችሁ የምትቆርጡት ሦስቱን ብቻ ነው፦ ከታይፔይ ሁዋሊየን፣ ከሁዋሊየን (ወይም መንገድ ላይ ካረፋችሁበት) ታይቱንግ፣ ከታይቱንግ ካኦሲዩንግ። እነዚህን በዙቺያንግ፣ ማለትም በፈጣኑ መደበኛ ባቡር ያዙ። የምዕራቡን በሙሉ በዕለቱ ወስኑ። በየጣቢያው የሚቆመው ቹጂየን የሚባለው ባቡር የወንበር ቁጥር የለውም፤ የትራንስፖርት ካርዳችሁን በሩ ላይ አስነክታችሁ ትገባላችሁ። ለአጭር ርቀት ከእርሱ የሚሻል የለም፤ ለረጅሙ ግን ትዕግሥት ይፈትናል።

ስለ ዋጋ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የመደበኛው ባቡር ዋጋ ለ30 ዓመት ያህል ሳይነካ ቆይቶ በሰኔ 2025 (እ.ኤ.አ.) ጨምሯል። ቀደም ብለው የዞሩ ሰዎች የሚነግሯችሁን ሒሳብ አትያዙት።

ማደሪያ በየከተማው የተደራራቢ አልጋ ሆስቴል አለ። እኔ ለአንድ ሌሊት ከ450 እስከ 700 የታይዋን ዶላር ከፍያለሁ፤ ቅዳሜ ማታ ይወደዳል። ለሴቶች ብቻ የተለየ ክፍል ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ስትይዙ ምረጡት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ከተሞች ብቻ ያዙ፤ ሌላውን እየሄዳችሁ።

ደረጃ 3፦ ሻንጣ

በጀርባ የሚታዘል አንድ ቦርሳ፣ ከዚያ አይብለጥ። ጃንጥላ ሳይሆን ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ፤ በምሥራቁ ዳርቻ ነፋሱ ጃንጥላ ይገለብጣል። ልብስ የምታጥቡበት ማሽን በየሆስቴሉና በየመንደሩ ስላለ ለሦስት ቀን የሚበቃ ይበቃል።

ከዚያ በሶ። አትሳቁ። በየባቡር ጣቢያው የሚጠጣ ሙቅና ቀዝቃዛ ውኃ በነፃ የሚቀዳበት ማሽን አለ፤ ክዳን ያለው ኮዳ ከያዛችሁ በሶውን ከጥቂት ስኳር ጋር ጨምራችሁ ትበጠብጣላችሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ምንም ሳይከፈት፣ መሳፈሪያው ላይ ቆሜ በሶ ስበጠብጥ አንዲት ባልቴት ጠጋ ብለው አሸተቱት፤ ከራሳቸው ቦርሳ የተጠበሰ የእህል ዱቄት በፕላስቲክ አውጥተው አሳዩኝ። እነርሱም ትኩስ ውኃ ጨምረው ይጠጡታል ለካ። በምልክት ብቻ ተግባብተን አንድ አንድ ማንኪያ ተለዋወጥን። የእርሳቸው ሰሊጥ ነበረበት።

አንዲት ትንሽ ደብተርም ያዙ። በብዙ ጣቢያዎች የጣቢያው ማኅተምና ቀለም የጠጣ ስፖንጅ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ መጥቶ ደብተሩ ላይ የሚመታ ሰው የሚከፍለው የለም። ከባቡር ወርዳችሁ ወዴት እንደምትሄዱ ሳታውቁ ለምትቆሙባት ለዚያች የመጀመሪያ ደቂቃ ሥራ ይሆናል፤ ብቻውን የሚጓዝ ሰው የዚያችን ደቂቃ ክብደት ያውቃታል።

ደረጃ 4፦ ምግብ፣ በተለይ ለሚጾም

በባቡር ጣቢያ የሚሸጠው የታሸገ ምሳ፣ ቢየንዳንግ የሚሉት፣ ዝነኛ ነው፤ ነገር ግን ዋናው ላይ የተጋደመው አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ነው። ዳቦ ቤት ውስጥም ዳቦው ላይ የተነሰነሰው ቡናማ ብናኝ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ሊሆን ይችላል። ክርስቲያንም ሙስሊምም ብትሆኑ ጠይቃችሁ ግዙ።

ለጾመኛ ግን ይህች አገር ከጠበቅኩት በላይ ናት። በቡድሃ እምነት ምክንያት የአትክልት ምግብ ቤት በየሰፈሩ አለ። የክረምቱ ዕረፍት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጾመ ነነዌ ጋር ይገጥማል፤ በ2018 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም መግቢያ የካቲት 9 ከእነርሱ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ጋር አንድ ቀን ላይ ውሏል። መማር ያለባችሁ አረፍተ ነገር «ዎ ቺ ቹን ሱ» የሚለው ነው፤ ንጹሕ የአትክልት ምግብ ነው የምበላው ማለት ነው። «ሱ» ብቻ ካላችሁ እንቁላልና ወተት ሊገባበት ይችላል። ሕጋቸው በታሸገ ምግብ ላይ የአትክልት ምግብን በአምስት ዓይነት ለይቶ እንዲጻፍ ያስገድዳል፤ የትኛው እንቁላል፣ የትኛው ወተት እንዳለበት ይነበባል። በእነዚህ ቤቶች አጥባቂዎቹ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይነኩም፤ ሽሮ ያለ ሽንኩርት የማይታሰበው የእኛ ምላስ ለሁለት ቀን ግር ይለዋል። የራሳችሁ ሚጥሚጣ በትንሽ ብልቃጥ ይኑር።

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ብለን ላደግን ሰዎች ብቻ መብላት የጉዞው ከባዱ ክፍል ነው። መፍትሔው ለአንድ ሰው ተብሎ በትንሽ ምድጃ ላይ የሚቀርበው የግል ድስት ነው፤ ረድፍ ይዘው በየራሳቸው ድስት ላይ የሚያጎነብሱ ሰዎች መካከል ብቸኝነት አይታይም። በባቡር ላይ መብላት የተፈቀደ ነው፤ በከተማ ውስጥ ሜትሮ ግን ውኃ መጠጣት እንኳ ያስቀጣል።

ደረጃ 5፦ መንገዱ

*ቀን 1 እና 2፣ ሁዋሊየን።* ከታይፔይ በዙቺያንግ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ በግራ በኩል ውቅያኖሱ ሲከፈት ከውኃው ላይ ኤሊ የምትመስል ደሴት ትወጣለች። ከዚያ ወዲያ ዋሻ፣ ገደል፣ ዋሻ። ሁዋሊየን የሚኬደው ለታሮኮ ሸለቆ ነበር፤ በሚያዝያ 3 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) የደረሰው 7.2 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ግን መንገዱንና የእግር ጎዳናዎቹን ክፉኛ ሰባብሯቸዋል። የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ በብሔራዊ ፓርኩ ማስታወቂያ ላይ ሳታዩ አትሂዱ፤ የቆየ ፎቶ አይታችሁም አትመኑ። ሸለቆው ባይሆን ብስክሌት ተከራይታችሁ ቺሲንታን የባሕር ዳርቻ ሂዱ። አሸዋ የለውም፤ ሁሉም ድብልብል ጠጠር ነው፤ ማዕበሉ ሲመለስ ጠጠሩ ሁሉ አብሮት እየተንከባለለ ወንፊት ላይ እንደሚነፋ ሽንብራ ያንኳኳል። ዳርቻው በድንገት ስለሚጠልቅ አትዋኙ፤ ጀርባችሁንም ለውኃው አትስጡ።

*ቀን 3፣ ሸለቆው።* ከሁዋሊየን ወደ ታይቱንግ የሚወርደው ባቡር በሁለት የተራራ ሰንሰለት መካከል ይሄዳል። በቻይንኛ ስሙ ቁመታም ሸለቆ እንደማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ስምጥ ሸለቆ ብለውታል፤ እኔ ደግሞ የስምጥ ሸለቆ ልጅ ነኝና ነገሩን አጣራሁ። የእኛው ምድር እየተለያየ የወረደ ነው፤ የእነርሱ ግን ሁለት የምድር ቅርፊቶች፣ የዩራሲያና የፊሊፒንስ ባሕር፣ የሚጋጩበት ስፌት ነው። ዩሊ ላይ ወርዳችሁ ብስክሌት ብትከራዩ፣ አሮጌው የባቡር ድልድይ የብስክሌት መንገድ ሆኗል፤ የሁለቱ ቅርፊቶች ወሰን እዚያ ላይ ምልክት ተደርጎበታል። አንድ እግሬን እዚህ አንዱን እዚያ አድርጌ ፎቶ አነሣሁ። ያነሣልኝ ሰው ስላልነበረ ስልኩን በጫማዬ ላይ አስደግፌ ነበር፤ ፎቶው ላይ የሚታየው ከጉልበቴ በታች ብቻ ነው።

አንድ ቦታ ብቻ የምትወርዱ ከሆነ ግን ቺሻንግ ይሁን። የሩዝ አገር ነው። በጥርና በየካቲት ሩዙ ስለማይኖር ማሳው ላይ ለምድሩ ማዳበሪያ ብለው ጎመን ዘር ይዘሩበታል፤ በእነርሱ የዘመን መለወጫ ሰሞን ሸለቆው ቢጫ ይለብሳል። የእኛ እንቁጣጣሽ በአደይ አበባ፣ የእነርሱ በጎመን ዘር። ጣቢያው በር ላይ ብስክሌት ይከራያል፤ ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ሻንጣችሁን አከራዩ ጋር ትታችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

*ከቀን 3 ከሰዓት በኋላ እስከ ቀን 5 ጠዋት፣ ታይቱንግ።* ጣቢያው ከከተማው ራቅ ብሎ ስለሆነ ሲመሽ አትድረሱ፤ አውቶቡሱ ይቀንሳል። በባሕሩ ዳር ወደ ሰሜን በሚወጣው አውቶቡስ ሳንሲየንታይ ሂዱ፤ ስምንት ቅስት ያለው የእግረኛ ድልድይ ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት ያሻግራል። ስትወርዱ መጀመሪያ የምታደርጉት የመመለሻውን የአውቶቡስ ሰሌዳ ፎቶ ማንሣት ነው። አካባቢው የአሚስ ሕዝብ አገር ነው፤ መንግሥት ዕውቅና ከሰጣቸው 16 ነባር ሕዝቦች በቁጥር ትልቁ ነው፤ መልካቸውም ቋንቋቸውም ከሌላው ታይዋናዊ ይለያል። እንግዳ ሲያዩ ና ግባ ማለት ያውቁበታል።

ሞተር ብስክሌት ለመከራየት ትፈተናላችሁ። የሚያገለግል መንጃ ፈቃድ ከሌላችሁ ተዉት፤ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንስ አይከፍልም።

*ቀን 5፣ የደቡቡ መስመር።* ከታይቱንግ ካኦሲዩንግ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ በእኔ ግምት የዙሩ ምርጥ ሁለት ሰዓት። ዱኦልያንግ የምትባል ከባሕሩ በላይ የተንጠለጠለች ጣቢያ አለች፤ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ባቡር አይቆምባትም፤ በመስኮት የምትታየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ከዚያ ባቡሩ ተራራውን በዋሻ ይሻገርና በሌላው ወገን፣ በሌላ ባሕር ዳር ይወጣል። ስልክ አስቀምጡ።

*ቀን 5 እና 6፣ ካኦሲዩንግና ታይናን።* እዚህ በፍጥነት ልለፍ፤ ከተማ ከተማ ነው። ካኦሲዩንግ ውስጥ በትንሿ ጀልባ ቺጂን ተሻገሩ፤ ሎተስ በሚባለው ሐይቅ ዳር ያሉትን የዘንዶና የነብር ማማዎች የምትጎበኙ ከሆነ በዘንዶው አፍ ገብታችሁ በነብሩ ውጡ፤ ተቃራኒው ገደ ቢስ ነው ይላሉ። ታይናን በቹጂየን አንድ ሰዓት ገደማ ትርቃለች። ሆላንዶች በ1624 (እ.ኤ.አ.) መሥራት የጀመሩት ምሽግ አንፒንግ ሰፈር ውስጥ አለ፤ በ1662 ተከብበው ተባረሩ። ያን ጊዜ ጎንደር ላይ ዐፄ ፋሲል በዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እርሳቸው ደግሞ ኢየሱሳውያንን ካባረሩ ሦስት አሥርት ዓመት ሊሞላቸው ነው።

*ቀን 7፣ አሊሻን፣ አቅም ካላችሁ።* ከታይናን በስተሰሜን ካለችው ከጂያዪ ከተማ ተነሥቶ ተራራውን የሚወጣው ጠባብ ሐዲድ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ታይፉን ተቆርጦ እስከ ሐምሌ 2024 ድረስ ሙሉ መስመሩ አልተከፈተም ነበር። ትኬቱ ቶሎ ያልቃል፤ አውቶቡስ አለ። የአሊሻን ጣቢያ 2,216 ሜትር ላይ ነው። ታይዋናውያን ጓደኞቼ ስለ ከፍታ ሕመም ክኒን ይመክሩኝ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለ ቦታ መሆኑን ስነግራቸው ዝም አሉ። ብርዱን ግን አትናቁ፤ ፀሐይ ስትወጣ ለማየት በሌሊት ትነሣላችሁ፤ ጋቢ ቢኖራችሁ ቦታው እዚህ ነው።

*ቀን 8፣ መመለስ።* ከጂያዪ ወደ ሰሜን ስትመጡ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከጃንግኋ ጀምሮ ሐዲዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ የተራራ መስመር፣ አንዱ የባሕር መስመር። ታይቹንግ ያለው በተራራው መስመር ላይ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ የተሳፈርኩት በባሕሩ ነበር፤ ታይቹንግ ሳልደርስ የነፋስ ማማዎች ብቻ በተደረደሩበት አንድ ጭር ያለ ጣቢያ ወርጄ ሃምሳ ደቂቃ የሚመለሰውን ባቡር ጠበቅኩ። ሰሌዳው ላይ የመስመሩን ስም እዩ። አብዛኞቹ የፈጣኑ ባቡር ጣቢያዎችም ከከተማው መካከል ውጭ ናቸው፤ የካኦሲዩንግ ተብሎ የሚታሰበው ዙኦዪንግ ይባላል፤ የጂያዪው ከአሮጌው ጣቢያ በአውቶቡስ ነው የሚደረሰው።

ደረጃ 6፦ ብቻችሁን ስለሆናችሁ

ኢትዮጵያ ታይፔይ ውስጥ ኤምባሲ የላትም። ፓስፖርት ቢጠፋ ነገሩ ይረዝማል፤ ስለዚህ ፓስፖርቱን መኝታ ክፍላችሁ ቆልፉት፤ ይዛችሁ የምትዞሩት የመኖሪያ ፈቃድና የጤና መድን ካርዱን ነው። የሁለቱንም ፎቶ ለአንድ ጓደኛ ላኩ፤ ለዚያው ጓደኛ በየማታው ያላችሁበትን ከተማ በአንድ ቃል ጻፉለት። ፖሊስ 110፣ አምቡላንስና እሳት አደጋ 119፣ የውጭ አገር ሰዎች የሚጠይቁበት የመረጃ ስልክ 1990።

ስልካችሁ በድንገት ከጮኸ የመሬት መንቀጥቀጥ ማስጠንቀቂያ ነው። አትሩጡ፤ ደረጃም አትውረዱ። ከመስኮት ራቁ፤ ጠረጴዛ ሥር ገብታችሁ ራሳችሁን ሸፍኑ፤ መንቀጥቀጡ ሲቆም በሩን ክፈቱ። በሆስቴሉ ሌሎቹ ተነሥተው ሳይደናገጡ ወደ እንቅልፋቸው ሲመለሱ ካያችሁ እናንተም ተመለሱ።

ለእናት ስለ ጉዞው ባይነገራቸው ይሻላል የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ ታይቱንግ ስደርስ ነው የደወልኩት። «ማን አብሮህ አለ?» አሉኝ። «ሰው ሞልቷል» አልኩ፤ ባቡሩ ውስጥ በእርግጥም ሞልቶ ነበር።

አንድ ነገር ቀረ፦ ደረሰኝ አትጣሉ። በታይዋን አብዛኛው የግዢ ደረሰኝ የሎተሪ ቁጥር አለው፤ ዕጣው በየሁለት ወሩ በ25 ይወጣል፤ ለውጭ አገር ሰውም ይከፈላል። ከስምንት ቀን ጉዞ የሰበሰብኳቸውን አንድ ሙሉ ፖስታ በመጋቢት 25 ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አየኋቸው። 200 የታይዋን ዶላር ደረሰኝ፤ ከአንፒንግ ምሽግ አጠገብ ውኃ በገዛሁበት ደረሰኝ።